ዘፈን ያልበቃው ደራሲ

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥቶ ወደ ሣር ቤት የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው 99.9 ሜትር ከፍታ ያለውን የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቀና ብሎ ሳያይ አያልፍም። ሕንፃው በጥር ወር 2004 ዓ.ም. ከመመረቁ በፊት ግን በዚያ ስፍራ ላይ የቆመው ሌላ ግንብ ነበር። ይኸውም የአዲስ አበባ ወኅኒ ቤት፣ በተለምዶ ከርቸሌ የምንለው፣ በውስጡም «ዓለም በቃኝ» የተባለው እስር ቤት ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ ስድሳ የሚጠጉ የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣኖችና የጦር መኮንኖች በጥይት የተደበደቡት በዚሁ ግቢ ነበር። ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት ስንት ተማሪ በዚያ በር እንደ ገባ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። ግንቡ ፈረሰ፤ ቦታው አዳራሽ ሆነ። አሁን በዚሁ ግቢ በየዓመቱ መጋቢት መጨረሻ ላይ በ1986 ዓ.ም. በሩዋንዳ የተጨፈጨፉት ሰዎች ይታሰባሉ፤ ሻማ ይበራል፤ ንግግር ይደረጋል።

ይህን ማንሣታችን ስለ ፖለቲካ ልንጽፍ ፈልገን አይደለም። የምንጽፈው ስለ ሁለት ልብ ወለድ ታሪኮች ነው። ሁለቱንም የደረሳቸው አስቀድሞ በዘፈን ግጥም የታወቀ ሰው ነው። መጻሕፍቱ ስለ ቡሩንዲና ስለ ሩዋንዳ ይናገሩ እንጂ በሜክሲኮ፣ በቂርቆስ ወይም በካዛንቺስ ላደገ አንባቢ እንግዳ አይሆኑበትም። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያገኘነው ከቀላል ባቡሩ ጣቢያ አጠገብ መጻሕፍት በላስቲክ ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ አንድ ወጣት ዘንድ ነው። ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰው ቅጂ ነበር፤ ሽፋኑ ጠርዙ ላይ ተልጧል። አንሥተን ስናገላብጠው ወጣቱ፣ «ጋሼ፣ እሱ እንኳ ይቅርብዎ፤ ዘፋኝ የጻፈው ነው። ቁም ነገር ከፈለጉ ይኸን ይውሰዱ» ብሎ ባለጸጋ ስለ መሆኛ ዘዴ የሚያስተምር ወፍራም መጽሐፍ ዘረጋልን። ዋጋ ተከራክረን ያንኑ የዘፋኙን ይዘን ሄድን።

የወጣቱ አስተያየት የእርሱ ብቻ አይደለም። ዘፈን ለመዝናኛ፣ መጽሐፍ ለትምህርት ነው የሚለው ክፍፍል በእኛ በተማርን ነን ባዮቹም ዘንድ የቆየ ነው። የዘፈን ግጥም ደራሲን ማን ያስታውሰዋል? ዘፋኙ በየአዳራሹ ሲጨበጨብለት፣ ቃሉን ያወጣለት ሰው ስሙ በካሴት ልባስ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይቀራል። ነገር ግን ለድምፅ ግጥም የሚገጥም ሰው ወደ ሌላ የድርሰት ዓይነት ሲሻገር ማየት ለአገራችን አዲስ ነገር አልነበረም። ዮፍታሔ ንጉሤ «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» ለተባለው የቀድሞ ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙን የሰጠ፣ «አፋጀሽኝ»ን የመሰለ ቴአትርም የደረሰ ሰው ነው። ከግጥምና ከዜማ ወደ መድረክ የሚወስደው መንገድ ከተጠረገ ቆይቷል፤ ከዘፈን ወደ ልብ ወለድ ታሪክ የሚወስደው ግን ገና ብዙ እግር ያልረገጠው ይመስለናል። በሌላው ዓለም የብራዚሉ ሺኮ ቡዋርኬ በዘፈኖቹ አገሩን ሁሉ ካዳረሰ በኋላ ልብ ወለድ መጻፍ ይዞ በ2011 ዓ.ም. በፖርቱጋል ቋንቋ ለሚጽፉ ደራሲዎች የሚሰጠውን ታላቁን የካሞይሽ ሽልማት አግኝቷል። ካናዳዊው ሊዮናርድ ኮኸን ደግሞ መንገዱን ገልብጦ ሁለት ልብ ወለዶች ካሳተመ በኋላ ነው ዘፋኝ የሆነው። በ2009 ዓ.ም. ቦብ ዲላን የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲያገኝ፣ ዘፈን ሥነ ጽሑፍ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ጋዜጦችን እንዴት እንዳጣበበ እናስታውሳለን።

የእኛ ሰው ጋኤል ፋይ ይባላል። ሐምሌ 30 ቀን 1974 ዓ.ም. በቡሩንዲ፣ በቡጁምቡራ ከተማ ተወለደ። አባቱ ፈረንሳዊ፣ እናቱ ሩዋንዳዊት ናት። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲብስ በልጅነቱ ወደ ፈረንሳይ አገር ተወሰደ። እዚያም ተምሮ፣ በፋይናንስ ትምህርት ተመርቆ፣ ለንደን ከተማ በአንድ የገንዘብ ድርጅት ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ሠራ። ደኅና ደመወዝ የያዘ፣ ከረባት የሚያስር ወጣት ነበር ማለት ነው። ያን ሥራ ትቶ ወደ ራፕ ገባ። በ2005 ዓ.ም. ለብቻው ያወጣው የመጀመሪያ አልበም ስሙ ወደ እኛ ቋንቋ ቢመለስ «ሚጥሚጣ በቅቤ ክሩዋሳ ላይ» እንደ ማለት ነው፤ የአባቱንና የእናቱን አገር በአንድ ሳሕን ማቅረቡ ይሆናል።

ከዚያ አልበም ውስጥ አንዱ ዘፈን «ትንሿ አገር» ይባላል። ስደተኛው ልጅ የተወለደባትን አገር እንደ ሰው እያነጋገራት ናፍቆቱን የሚገልጽበት ነው። አልበሙን የሰማች አንዲት የመጽሐፍ አዘጋጅ ልብ ወለድ እንዲጽፍ ገፋፋችው። እርሱም በዚያው በዘፈኑ ስም «ትንሿ አገር» ብሎ ጽፎ በነሐሴ ወር 2008 ዓ.ም. አሳተመ። መጽሐፉ በዚያው ሰሞን የፈረንሳይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ራሳቸው አንብበው፣ ራሳቸው ተከራክረው የሚሰጡትን የጎንኩር ሽልማት አገኘ። ለተማሪ አንባቢዎቻችን ይህን አጥብቀን እንነግራቸዋለን፤ ከአደባባዩ ብዙ በማይርቀው በሊሴ ገብረማርያም የሚማሩትን የመሰሉ ልጆች ናቸው ፈራጆቹ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ በአርባ ያህል ቋንቋዎች ተተረጎመ፤ ፊልምም ሆነ።

አሁን ጥያቄው፣ ዘፈኑ ይህን ያህል ከተወደደ ልብ ወለዱ ለምን አስፈለገ የሚለው ነው። መልሱን ያገኘነው መጽሐፉን ካነበብን በኋላ ነው። ዘፈን ናፍቆትን ይችላል። አራት ደቂቃ ውስጥ ሐይቁን፣ ማንጎውን፣ የዝናቡን ሽታ ጠርቶ ዓይን እንባ እንዲያቀርር ያደርጋል። ነገር ግን የሚናፍቀው ሰው በዘፈን ውስጥ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ አገር ተወሰደበት እንጂ እርሱ ራሱ ማንን እንደ በደለ አይጠየቅም። ልብ ወለድ ግን ይጠይቃል።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1984 ዓ.ም. ግድም ነው። ጋብርኤል፣ ቤተ ሰቦቹ ጋቢ የሚሉት፣ የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ኪናኒራ በተባለ የቡጁምቡራ ሰፈር፣ መውጫ በሌለው መንገድ ዳር፣ ከፈረንሳዊው አባቱ ከሚሼል፣ ከሩዋንዳዊት እናቱ ከኢቮንና ከትንሽ እኅቱ ከአና ጋር ይኖራል። ከጓደኞቹ ጋር ከየጎረቤቱ ግቢ ማንጎ ይሰርቃል፤ የሰረቁትን መልሰው ይሸጣሉ። ጦርነት ሩቅ ነገር ነው። ልጁ አባቱን ቱትሲና ሁቱ ለምን ይጣላሉ ብሎ ሲጠይቀው፣ ሃይማኖታቸውም ቋንቋቸውም አገራቸውም አንድ ሆኖ ሳለ አባትየው መልስ ያጣና ነገሩን ወደ አፍንጫ ቅርጽ ይወስደዋል። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ በየመንገዱ የሰው አፍንጫ ማየት ይጀምራሉ። እንደ ቀልድ የተጻፈ ነው፤ አንባቢው ግን ስቆ ሲጨርስ ደስ አይለውም።

ለወጣት ባለሥልጣኖቻችን በተለይ የምንመክረው የብስክሌቱን ምዕራፍ ነው። የጋቢ ብስክሌት ይሰረቃል። ሌባው በቤቱ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ልጁ ከአባቱ ሠራተኞች ከኢኖሳንና ከዶናሲያን ጋር ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ የተሸጠውን ብስክሌት እየተከታተለ ገጠር ድረስ ይሄዳል። በመጨረሻ ያገኙት አንድ ደሃ ገበሬ ቤት ነው፤ ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ፣ የተሰረቀ መሆኑን ሳያውቅ፣ ለልጁ ገዝቶለታል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ብስክሌቱ የጋቢ ነው። ኢኖሳን ከልጁ እጅ ይነጥቀዋል። የገበሬው ልጅ ዝም ብሎ ያያል። ሲመለሱ ዶናሲያን ጋቢን ይወቅሰዋል፤ ያ ቤተ ሰብ ስንት ዓመት ለፍቶ ያገኘውን፣ አንተ ግን ነገ አባትህ ሌላ ሊገዛልህ የሚችለውን ነገር ወሰድክ ይለዋል። ጋቢ መብቱን አስከብሮ ኀፍረት ይዞ ቤቱ ይገባል። በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ «ደንቡ ነው» ሲል የሚውል ሰው ይህን ምዕራፍ አንብቦ ምን እንደሚሰማው ማወቅ እንፈልጋለን። ዘፈን ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ቦታ አያገኝም ነበር፤ ናፋቂውን ተከሳሽ ያደርገዋልና።

ከዚህ በኋላ ነገሩ እየጨለመ ይሄዳል። በምርጫ ሥልጣን የያዙት የመጀመሪያው የቡሩንዲ ፕሬዚዳንት መልኪዮር ንዳዳዬ ጥቅምት 11 ቀን 1986 ዓ.ም. በወታደሮች ተገደሉ። በመጋቢት መጨረሻ በሩዋንዳ እልቂቱ ተነሣ፤ በመቶ ቀን ውስጥ ከ800 ሺህ የማያንስ ሰው አለቀ። የጋቢ እናት ዘመዶቿን ፍለጋ ኪጋሊ ሄዳ ስትመለስ ከሄደችው ሴት ጋር አንድ አይደለችም። ያየችውን ስትናገር የሚያሳየውን ገጽ ሌሊት እንዳታነቡት እንመክራለን። ልጁ በዚያ ወራት መጠለያ ያገኘው ከአንዲት ጎረቤት ዘንድ ነው። ማዳም ኤኮኖሞፑሎስ የምትባል አሮጊት ግሪካዊት፣ ቤቷ በመጽሐፍ የተሞላ፣ አንድ በአንድ ታውሰዋለች። (የድሮው አዲስ አበባ ግሪኮች ትዝ የሚሉት አንባቢ ካለ ይቺን ሴትዮ ወዲያው ያውቃታል።) በውጭ ሰፈሩ በሽፍታ ወጣቶች ተከፋፍሎ ሳለ ልጁ በረንዳዋ ላይ ተቀምጦ ያነባል። ጓደኞቹ ግን አንብቦ ዝም የሚልን ሰው አይተዉትም፤ ወገንህን ለይ ይሉታል። የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች እዚያ ላይ ናቸው፤ አንነግራችሁም።

በነገራችን ላይ፣ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የፈረንሳይ ጦር ከሩዋንዳ ደቡብ ምዕራብ ሲለቅ በቻንጉጉ አካባቢ ከተተኩት መካከል በተባበሩት መንግሥታት ዓርማ ሥር የተላከው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ነበር። ከእነዚያ ወታደሮች አንዳንዶቹ ዛሬም በመካከላችን አሉ። ስለዚህ ይህ ታሪክ ከሩቅ የሚሰማ የሰው አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ልብ ወለድ «ጃካራንዳ» ይባላል። በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. ታትሞ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. በፈረንሳይ ከፍ ያለ ክብር ያለውን የረኖዶ ሽልማት አገኘ። ጃካራንዳ በአዲስ አበባም የምናውቀው፣ ሲያብብ መንገዱን ሐምራዊ ምንጣፍ የሚያለብሰው ዛፍ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ስቴላ የተባለች ልጅ በግቢዋ ባለው ጃካራንዳ ላይ መውጣት ትወዳለች፤ ዛፉ ግን ከሥሩ የያዘው ነገር አለ።

ዋናው ሰው ሚላን ነው። በቬርሳይ ከተማ ያደገ፣ አባቱ ፈረንሳዊ፣ እናቱ ቬናንሲያ ሩዋንዳዊት። እናቲቱ ስለ አገሯ አንድ ቃል አትናገርም። ቋንቋዋን አታስተምረውም፤ ቤተ ሰብ አላት የላትም አይታወቅም። በ1986 ዓ.ም. ቴሌቪዥኑ ሬሳ ሲያሳይ እንኳ ዝም ትላለች። በዚያ ክረምት ክሎድ የሚባል፣ ጭንቅላቱ በፋሻ የተጠቀለለ ልጅ ወደ ቤታቸው ይመጣል። ሚላን ወንድም አገኘሁ ብሎ ሲደሰት፣ ልጁ አንድ ቀን ተመልሶ ይላካል። ከአራት ዓመት በኋላ ሚላን ራሱ ወደ ሩዋንዳ ይሄዳል፤ ደግሞም ይሄዳል፤ በመጨረሻም ከዚያ መራቅ ያቅተዋል። መጽሐፉ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ይከተለዋል።

የዚህ መጽሐፍ ጉዳይ እልቂቱ አይደለም፤ ከእልቂቱ በኋላ በቤት ውስጥ የሚቀመጠው ዝምታ ነው። ይህን ስናነብ ነው ከሜክሲኮ ወደ ሣር ቤት የሚወስደው መንገድ ደጋግሞ ትዝ ያለን። በእኛ ሰፈርስ? በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ልጁን ያጣ አባት፣ ወንድሟን በየጣቢያው ስትፈልግ የከረመች እኅት፣ ወይም በሌላው ወገን ቆሞ ጠመንጃ ይዞ የነበረ የቀበሌ ዘበኛ፣ ለልጅ ልጁ ምን ያህል ነገረ? ስለዚያ ዘመን ያንዳንዱ ሰው ማስታወሻ ታትሟል፤ ማዓዛ መንግሥቴም በእንግሊዝኛ የጻፈችው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ ስለ አብዮቱ መጀመሪያ ዘመን ነው። በብዙ ቤት ግን ግድግዳው ላይ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል እንጂ ታሪኩ አልተነገረም። ልጆች ሲጠይቁ «ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው» ይባላሉ። ቬናንሲያ ከዚህ የተለየ ነገር አትልም።

ጋኤል ፋይ ዝምተኛዋን እናት ወንጀለኛ አላደረጋትም። ይህ ከሁሉ በላይ ያከበርንለት ነገር ነው። ልጁ የመጠየቅ መብት አለው፤ እናቲቱም ያለመናገር መብት አላት፤ ሁለቱ መብቶች በአንድ ሳሎን ውስጥ ተፋጠው ይቀመጣሉ። ደራሲው አንዱን አሸናፊ ሳያደርግ ብዙ ገጽ ታግሦ ይጓዛል። ይህን ትዕግሥት ከዘፈን የተማረው አይመስለንም።

በመካከሉ ስለ ጋቻቻ የሚናገሩት ክፍሎች አሉ። ጋቻቻ በሣር ላይ ተቀምጦ የሚካሄድ የሩዋንዳ የሕዝብ ሸንጎ ነው። ከ12 ሺህ በላይ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ሸንጎዎች በየመንደሩ ተቋቁመው እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጉዳይ አይተዋል። የእኛን አገር የድሮ አውጫጭኝ የሚያውቅ ሰው መልኩን በጥቂቱ ሊገምተው ይችላል፤ ልዩነቱ ጋቻቻ የሚጠየቀው ስለ ጠፋ ከብት ሳይሆን ስለ ጠፋ ሰው መሆኑ ነው። በእኛ በኩል የቀይ ሽብር ጉዳይ በልዩ ዐቃቤ ሕግ ተይዞ በ1987 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ቀርቦ የዋናዎቹ ተከሳሾች የጥፋተኝነት ፍርድ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቷል። የትኛው ይሻላል የሚለውን ለሕግ ተማሪዎች እንተወዋለን። በ«ጃካራንዳ» ውስጥ ግን ክሎድ በሸንጎው ፊት ተነሥቶ ቤተ ሰቦቹን ስለ ገደሉት ሰዎች ሲመሰክር፣ ተከሳሾቹ የመንደሩ ጎረቤቶች ናቸው። ስብሰባው ሲያልቅ ከሳሽም ተከሳሽም በአንድ መንገድ ወደ ቤት ይሄዳሉ። የፍርድ ቤት መዝገብ ይህን አይጽፍም።

ጉድለት የለበትም ማለታችን አይደለም። «ጃካራንዳ» በብዙ ቦታ ያስተምራል። ሮዛሊ የምትባለው ከመቶ ዓመት በላይ የኖረች አሮጊት የሩዋንዳን ታሪክ፣ ነገሥታቱን፣ ቤልጅጎቹን፣ መጀመሪያዎቹን ስደቶች ስትተርክ ቃሏ አንዳንድ ጊዜ የአያት ጨዋታ መሆኑ ይቀርና የትምህርት ቤት መጽሐፍ ይመስላል። አገሩን ለማያውቅ ፈረንሳዊ አንባቢ ተብሎ መሆኑ ያስታውቃል። በሁለቱም መጻሕፍት ደግሞ የዘፈን ልማዱ አልለቀቀውም፤ ምዕራፎቹ ሲያልቁ አንድ ያማረ፣ አዝማች የመሰለ ዓረፍተ ነገር ይመጣል። አንዱ ሁለቱ ያስደስታል፤ ሃያኛው ላይ ግን አንባቢው አስቀድሞ ይጠብቀዋል። ልብ ወለድ አንዳንድ ጊዜ ሳያምር ማቆም ይችላል፤ ይህን ገና የሚማረው ይመስለናል። ያም ሆኖ ከዘፈን ያመጣው ጥቅም ይበልጣል። አጭር ይጽፋል። ሽታና ድምፅ ያስታውሳል። የመፈንቅለ መንግሥቱ ማለዳ ሬዲዮኑ ዜና ትቶ የክላሲክ ሙዚቃ ብቻ ሲያሰማ፣ ጋቢ ገና ምን እንደ ሆነ ሳይነገረው አንባቢው ይገባዋል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያይ የጆሮ ሰው ነው። በእኛም አገር ማለዳ ሬዲዮ ከፍቶ ማርሽ የሰማ ትውልድ አለ።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለማንበብ ጊዜ ያለው ተማሪ «ትንሿ አገር»ን ይያዝ። ቋንቋው ቀላል ነው፤ ፈረንሳይኛ ለሚማር ሰው ከመማሪያ መጽሐፍ ቀጥሎ ሊያነበው የሚችለው ዓይነት ነው፤ የእንግሊዝኛውም ትርጉም መልካም ነው። ዘፈኑን ግን አስቀድሞ ባያዳምጠው እንመክራለን። መጽሐፉን ጨርሶ ቢሰማው፣ ዘፈኑ የተወውን ነገር ሁሉ ራሱ ይሞላዋል። «ጃካራንዳ» ረጋ ብሎ ማንበብ ለሚችል፣ በተለይም በቤቱ ውስጥ ያልተጠየቀ ጥያቄ እንዳለ ለሚያውቅ ሰው ነው።

ያን ከሜክሲኮ የገዛነውን ቅጂ አንብበን እንደ ጨረስን ለአንድ የሰፈራችን ወጣት አዋስነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ከተቀጠረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በአዲሱ ሕንፃ አጠገብ አልፎ ወደ ሥራው ይሄዳል። አባቱ በ1970 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ በነበረው ግንብ ውስጥ ታስረው እንደ ነበር እኛ እናውቃለን፤ እርሱ ማወቁን ግን አንጠይቀውም ነበር። በሳምንቱ መጥቶ ስለ ብስክሌቱ ምዕራፍ ብዙ ተከራከረን። ሕጉ ትክክል ነው፣ ገበሬው መጠየቅ ነበረበት አለን። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ፣ «አባታችሁን ስለ እስሩ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?» አለ፤ ጥያቄው ለእኛ ይሁን ለራሱ አልገባንም።

ይኸው ሁለት ወር ሆነው፤ መጽሐፉ አልተመለሰም። ባለፈው እሑድ መንገድ ላይ አግኝተን ብንጠይቀው፣ «አባቴ ዘንድ ነው» አለን።